ስምህ በየትኛው ሳጥን ገባ? ስለ «ቁልፍ» እና «ዋጋ»፣ ቅጽ ለሚሞላ ሰው ሁሉ

ዛሬ የማቀርብላችሁ ዜና አይደለም። ቅጽ ልትሞሉ ወይም ካርዳችሁን ልታሳርሙ ስትሄዱ መለስ ብላችሁ የምታዩት ጽሑፍ ነው። አገር ቤት እያለሁ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ቱነይድባ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ቅጽ መሙላት ለሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች አንባቢና ጸሐፊ ሆኜ አግዛለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ሰው ውሸት ስለተናገረ አይደለም፤ እውነቱ የተሳሳተ ሳጥን ውስጥ ስለገባ ነው።

ኮምፒውተር እናንተን አያውቅም። ፊታችሁን አይቶ «እሷ የእነ እከሌ ልጅ ናት» አይልም። የሚያውቀው ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ ብቻ ነው። በአንድ በኩል የጥያቄው መጠሪያ አለ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀን ወዘተ። በሌላ በኩል መልሱ አለ። የኮምፒውተር ሰዎች መጠሪያውን «ቁልፍ»፣ መልሱን «ዋጋ» ይሉታል። ዋጋ ሲባል የገበያው ዋጋ አይደለም፤ በቁልፉ ሥር የተጻፈው ነገር ማለት ነው።

35 ብዬ ብጽፍላችሁ ምን ትረዳላችሁ? ዕድሜ ሊሆን ይችላል፣ የብሎክ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ የጫማ ቁጥርም ሊሆን ይችላል። «ዕድሜ፦ 35» ስል ግን ነገሩ አለቀ። ዋጋ ያለ ቁልፍ ትርጉም የለውም። በተሳሳተ ቁልፍ ሥር የገባ ዋጋ ደግሞ ከባዶው ይብሳል፤ ምክንያቱም ትክክል ይመስላል፣ ማንም አይጠረጥረውም።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ያው ነበር፤ ሙሉ ስም ሁለት ነጥብ፣ የቤት ቁጥር ሁለት ነጥብ። አዲሱ ነገር መረጃው ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው መጓዙ ነው። ገዳሪፍ ላይ የተጻፈ ነገር ሌላ አገር ያለ ሠራተኛ ያነበዋል። እሱ እናንተን አላያችሁም፣ ድምፃችሁንም አልሰማም። የሚያየው ቁልፉንና ዋጋውን ነው፣ በቃ።

ጄሰን የሚባለው አጻጻፍ

መረጃን በቁልፍና በዋጋ ለመጻፍ ብዙ መንገድ አለ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ጄሰን ይባላል። ዳግላስ ክሮክፎርድ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ያስተዋወቀው ነው፤ በ2013 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። ታብሌት ይዘው በየቤቱ እየዞሩ የሚጠይቁ ልጆችን አይታችኋል አይደል? ብዙዎቹ ድርጅቶች ለእንዲህ ያለ ጥናት ኮቦ የሚባለውን ፕሮግራም ይጠቀማሉ። ኮቦ የሰበሰበውን መልስ ለሌላ ፕሮግራም ሲያስተላልፍ ከሚጠቀምባቸው አጻጻፎች አንዱ ጄሰን ነው።

መልኩ ይሄን ይመስላል። ሴትዮዋ በእውን የለችም፣ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳት ናት።

{
  "ስም": "ፀሐይ",
  "የአባት_ስም": "ተስፋዬ",
  "የአያት_ስም": "ወልደማርያም",
  "ጾታ": "ሴት",
  "የትውልድ_ቀን": {
    "ቀን": "1985-08-12",
    "አቆጣጠር": "ኢትዮጵያ"
  },
  "የቤተሰብ_ብዛት": 4,
  "ስልክ": "+249900000000",
  "ቋንቋዎች": ["አማርኛ", "ትግርኛ", "ዓረብኛ"]
}

አነባበቡ ቀላል ነው። ጠምዛዛው ቅንፍ አንድን ሰው ወይም አንድን ነገር ይከብባል። በግራ ቁልፉ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ በቀኝ ዋጋው። ጥንዶቹን ነጠላ ሰረዝ ይለያቸዋል፤ ከመጨረሻው በኋላ ግን ሰረዝ አይደረግም። ማዕዘን ያለው ቅንፍ ዝርዝር ነው፤ በአንድ ቁልፍ ሥር ብዙ ዋጋ ሲኖር እዚያ ይገባል። «የትውልድ_ቀን» ሥር እንዳያችሁት፣ ዋጋው ራሱ ሌላ የቁልፍና የዋጋ ስብስብ ሊሆን ይችላል።

ቁልፎቹ የግድ በእንግሊዝኛ መሆን የለባቸውም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 (በፈረንጅ) ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ቁልፉንም ዋጋውንም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ምልክቶቹ ላይ ግን ድርድር የለም። የእኛን ሁለት ነጥብ (፡) ወይም የእኛን ነጠላ ሰረዝ (፣) ካደረጋችሁ ማሽኑ አያነበውም። «እንዲህ ያለውን» የጥቅስ ምልክትም አይቀበልም። በጄሰን የቁጥር ዋጋም ከ0 እስከ 9 ባሉት አሃዞች ብቻ ነው፤ ፩፣ ፪፣ ፫ን መጻፍ የሚቻለው በጥቅስ ውስጥ እንደ ቃል ነው፣ መደመር ግን አይቻልም።

በጄሰን ቁልፎቹ የተጻፉበት ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣም። ጾታ ከስም ቢቀድም ያው ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዋጋ መጠሪያውን ይዞ ነው የሚሄደው። በሠንጠረዥ ሲሆን፣ ለምሳሌ በኤክሴል፣ መጠሪያው ከላይ አንዴ ብቻ ይጻፋል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ በቦታው ነው የሚታወቀው። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ሳጥን ወደ ቀኝ ከገፋ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። የአባት ስም የአያት ይሆናል፣ የአያት ስም ጾታ ውስጥ ይገባል። ስም ዝርዝር ተለጥፎ በእናንተ መሥመር ላይ የሌላ ሰው አባት ካያችሁ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስም፦ ትልቁ ጣጣ

እዚህ ላይ ቆየት ማለት አለብኝ፣ ከሁሉ የሚበዛው ችግር ይሄ ነውና።

የፈረንጅ ቅጽ «የራስ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም፣ የአባታችን፣ የአያታችን። ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። ስለዚህ በአንድ ራኩባ ሥር የሚኖሩ ባል፣ ሚስትና ልጅ በ«የቤተሰብ ስም» ሳጥን ሦስት የተለያየ ስም ይኖራቸዋል። ለእኛ ተራ ነገር ነው። ርቆ ለሚያነበው ሰው ግን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። በምዝገባ ላይ ቤተሰብን የሚያስተሳስረው ስም ሳይሆን የጋራ ቁጥር የሆነው ለዚህ ነው። ዩኤንኤችሲአር ፕሮግሬስ በሚባለው ዳታቤዙ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው የግል ቁጥር አለው፤ አብረው ለተመዘገቡት ደግሞ የቡድን ቁጥር። ሁለቱን ለይታችሁ ጻፉ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም።

ሁለተኛው ጣጣ ሁለት ቃል የሆነው ስም ነው። ገብረ መድኅን፣ ወልደ ማርያም፣ ኃይለ ሥላሴ። ጸሐፊው ክፍተት ካደረገ፣ «ገብረ» የራስ ስም፣ «መድኅን» የአባት ስም ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ትክክለኛው አባት ደግሞ ወደ አያት ሳጥን ይገፋል። በኋላ የልጁ መዝገብ ላይ አባት «ገብረመድኅን» ተብሎ ሲጻፍ፣ የአባትየው መዝገብ «ገብረ» ነው የሚለው። አባትና ልጅ አልተገናኙም። የእኔ ምክር፣ እንዲህ ያለ ስም ካላችሁ ገጥማችሁ ጻፉት፤ ጸሐፊውንም «አንድ ቃል ነው፣ ክፍተት የለውም» በሉት። ቀድሞ የወጣ ሰነድ ካላችሁ ግን እዚያ ላይ ያለውን አጻጻፍ ተከተሉ።

ሦስተኛው፣ የራሳችን ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ፊደል ነው። ፀሐይን ፀሀይ፣ ፀኀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፣ ጸኀይ ብላችሁ ብትጽፉ ስድስት የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው። ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ካልሆነ በቀር «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ»ን አያገኛትም።

በዚህ ላይ ስማችን ጉዞ አለው። እኛ በአማርኛ እንናገራለን፣ አስተርጓሚው ወይም ጸሐፊው በዓረብኛ ጆሮ ይሰማል፣ ከዚያ በላቲን ፊደል ይተየባል። ዓረብኛ ጨ የለውም፣ ጰ የለውም፣ ፐም የለውም፤ አጫጭር አናባቢዎችንም በጽሑፍ አያወጣም። ጸ የነበረው ሰ ሆኖ ይመለሳል፣ ጴጥሮስ ቡትሮስ ይሆናል። ላቲን ላይ ደግሞ ጸን በሁለት ፊደል የሚጽፍ አለ፣ በአንድ የሚጽፍ አለ። ሰፈራችንም እንኳ አልዳነም። ቱነይድባ በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት ዓይነት ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ በአማርኛም ቱናይድባ የሚለው አለ፣ ቱኔድባ የሚለውም አለ። የእርዳታ ድርጅቶች ለቦታዎች ከስሙ ጎን ኮድ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ስም ይለዋወጣል፣ ኮዱ አይለዋወጥም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ በላቲን። እጃችሁ ላይ ያለ የመጀመሪያው ሰነድ ላይ፣ ፓስፖርትም ይሁን የትምህርት ማስረጃ ወይም የምዝገባ ወረቀት፣ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ገልብጡት። ከዚያ በየትኛውም ቅጽ ላይ ስማችሁን በቃል አትናገሩ፤ ወረቀቱን አሳዩ። «ቆንጆ አጻጻፍ አይደለም» ብላችሁ አትቀይሩት። ቆንጆ መሆኑ አይጠቅምም፣ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው የሚጠቅመው።

አገር ቤት ያለው ፋይዳ መታወቂያ ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዘው ማወቅ ጥሩ ነው። ፋይዳ ሞሲፕ በሚባል ክፍት ሶፍትዌር ላይ የተሠራ ነው። ሞሲፕ ስምን በጄሰን ሲጽፍ አንድ ዋጋ ብቻ አያስቀምጥም፤ «ቋንቋ» የሚል ቁልፍና «ዋጋ» የሚል ቁልፍ እያጣመረ ዝርዝር ያደርገዋል። አንድ ሰው በአማርኛ እንዲህ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፣ ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸው ይታወቃል። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው አሠራር ይሄ ነው። ስደተኛ የሚመዘግብ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ግማሹ ጣጣ ይቀር ነበር።

የጣት አሻራና የዓይን ምስል አለ፣ ስም ለምን ያሳስበናል የሚሉ ወጣቶች ያጋጥሙኛል። አሻራ ሁለት ጊዜ የተመዘገበን ሰው ይይዛል፤ ይሄ ሰው ያ ሰው ነው ይላል። የአባታችሁን ስም ግን አያርምም፣ የልደት ቀናችሁንም አያውቅም።

የትውልድ ቀን

ጄሰን ውስጥ «ቀን» የሚባል የዋጋ ዓይነት የለም። ቀን በጥቅስ ውስጥ እንደ ቃል ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ 5/6 ተብሎ ሲጻፍ ግንቦት ይሁን ሰኔ ማሽኑ አይነግራችሁም። በዓለም አቀፉ ደንብ ዓመት ይቀድማል፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። ይሄን ልመዱት።

የእኛ ጣጣ ግን ከዚህ ይጠልቃል። ከላይ በምሳሌው «አቆጣጠር» የሚል ቁልፍ ያስገባሁት በምክንያት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በፈረንጅ ኤፕሪል 20 ቀን 1993 ነው የተወለደችው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ 7 ዓመት ነው፣ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ 8 ይሆናል። 1985 ተብሎ በፈረንጁ ሳጥን ከገባ ሴትዮዋ በአንዴ 8 ዓመት አረጀች።

ለትልቅ ሰው ይሄ ያስቃል፣ ለልጅ ግን አያስቅም። በጥር 2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ የ2013 ልጅ ነው። 2005 ተብሎ ከተመዘገበ፣ በፈረንጅ በ2023 የ10 ዓመቱ ልጅ በመዝገብ የ18 ዓመት ጎልማሳ ሆነ። ለሕፃናት የሚሰጠው ክትትል አይደርሰውም። ብቻውን የመጣ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ይቆጠራል፤ ወላጆቹ ሌላ ቦታ ሆነው ቢፈልጉት እንኳ የሚፈለገው የ10 ዓመት ልጅ ነው፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ሰው።

ተቃራኒውም አለ። ቀኑ አንዴ ወደ ፈረንጅ ተቀይሮ ሳለ ሌላ ደግ ሰው «ኢትዮጵያዊ ስለሆነች በእኛ አቆጣጠር ይሆናል» ብሎ ደግሞ ይጨምርበታል። ሁለት ጊዜ የተቀየረ ቀን ለማረም በጣም ያስቸግራል። ስለዚህ ቀን ስትናገሩ ሁልጊዜ አቆጣጠሩን አብራችሁ ተናገሩ፤ «በኢትዮጵያ» ወይም «በፈረንጅ» በሉ።

ጳጉሜን ላይ የተወለዳችሁ የራሳችሁ ጉድ አለባችሁ። 12 ወር ብቻ ያለው ሳጥን 13ኛ ወር አይቀበልም። ጳጉሜን 1 ሁልጊዜ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 6 ላይ ይውላል፤ ከዚያ እየቆጠራችሁ ሂዱ። ጳጉሜን 3 ሴፕቴምበር 8 ነው።

ካርዳቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተወለደ የሚል ያላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሄ ብዙ ጊዜ ቀኑ በትክክል ስላልታወቀ ዓመቱን ብቻ ይዞ የተሞላ ነው። ትክክለኛውን ቀን የሚያሳይ ሰነድ ካላችሁ ማሳረም ትችላላችሁ። ከሌላችሁ ግን እሱን ያዙ፤ በሚቀጥለው ቅጽ ላይ ሌላ ቀን ከግምት አትፍጠሩ። ሁለት የተለያዩ ቀኖች ከአንድ ጃንዋሪ 1 ይብሳሉ።

ባዶ፣ ዜሮ፣ አይታወቅም

«ባል» የሚል ሳጥን ባዶ ሆኖ ብታዩት ምን ትላላችሁ? አላገባችም? ሞቷል? አልተጠየቀችም? ወይስ በመንገድ ተለያይተው የት እንዳለ አታውቅም? ባዶነቱ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን አራት ነው።

ጄሰን እነዚህን መለየት ይችላል። ቁልፉ ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ ቁልፉ ኖሮ በጥቅሱ ውስጥ ምንም ላይጻፍ ይችላል፤ ወይም «ነል» ተብሎ የሚነበብ ልዩ ዋጋ አለ፣ «ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ» ማለት ነው። ዜሮ ደግሞ ሌላ ነው፤ ዜሮ መልስ ነው። የልጆች ብዛት 0 ማለት ልጅ የላትም ማለት ነው። የልጆች ብዛት ባዶ ማለት ግን አናውቅም ማለት ነው። ማሽኑ ሊለይ ቢችልም፣ ሞይው ካልለየ ምንም ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የጠፋ ሰው ያላችሁ፣ ሳጥኑ ባዶ እንዳይታለፍ። «ባሌ አለ፣ የት እንዳለ አላውቅም፣ የተለያየነው እዚህ ቦታ በዚህ ወር ነው» ብላችሁ አስጽፉ። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ የተለያዩ ቤተሰቦችን ሲያፈላልጉ የሚነሡት ከዚህ ዓይነቱ መረጃ ነው። የተፈላጊው ስም ከነአባትና አያት፣ የእናቱ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና ጊዜ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ ነው፣ አንዱ በሌላው አይተካም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ በተለይ የእናት ስም በጣም ይለያል።

ከዚሁ ጋር «ዝምድና» የሚለውን ቁልፍ ላንሣ። በእኛ ወግ የወንድም ልጅ ልጄ ነው፣ የአክስት ልጅ ወንድሜ ነው፣ የጎረቤትም ልጅ ቢሆን ያሳደግሁት ልጄ ነው። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ፍቅር ነው። ቅጹ ግን ከዝርዝር አንዱን ብቻ እንዲመረጥ ነው የሚያደርገው፤ «ልጅ» ሲል የወለድሽው ማለቱ ነው። እማማ «ልጄ ናት» ይላሉ፣ «ልጅ» ተብሎ ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ በሌላ ቃለ መጠይቅ «እናቷ ማን ናት?» ሲባሉ «እህቴ ናት፣ አርፋለች» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ይጋጫል፤ ለሦስተኛ አገር ጉዳይ የሚያየው ሰው ደግሞ ግጭት ሲያይ ፋይሉን ያቆየዋል። ስለዚህ ሲጠየቁ «የእህቴ ልጅ፣ እኔ የማሳድጋት» ይበሉ፤ ሁለቱን ነገር ለየብቻው።

የማይታየው ቁልፍና ስልክ ቁጥሩ

ታብሌቱ ላይ የምታዩት ጥያቄ ቁልፉ አይደለም። ኮቦን በመሰሉ ፕሮግራሞች እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ነገር አለው፤ ከውስጥ የሚቀመጥ አጭር መጠሪያ አለ፣ ከውጭ በየቋንቋው የሚታይ ዓረፍተ ነገር አለ። ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛ፣ በዓረብኛ፣ በትግርኛ ሊተረጎም ይችላል፤ መልሱ የሚገባው ግን በዚያው በአንዱ መጠሪያ ሥር ነው። ትርጉሙ ከተሳሳተ ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ ቁልፍ ሥር ይገባል። ለምሳሌ «የምትኖሩት ስንት ናችሁ» እና «የምትበሉት ስንት ናችሁ» በአማርኛ ይለያያሉ፤ በአንድ ራኩባ ሁለት ድስት ሊጣድ ይችላል። ጥያቄው ግልጽ ካልሆነላችሁ «ምን ለማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂው ልጅ አይከፋውም፣ ደሞ ቢከፋውስ።

ስልክ ቁጥር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ቁጥር የሚደመር ቁጥር አይደለም። ጄሰን ውስጥ ያለ ጥቅስ ከተጻፈ ከፊት ያለው 0 አይፈቀድም፤ ኤክሴል ደግሞ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። ረጃጅም የካርድ ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ ቁጥር አይዝም፣ 16ኛውን ወደ 0 ይለውጠዋል። ስም ዝርዝር የምታዘጋጁ የብሎክ ተወካዮች፣ ያንን ዓምድ አስቀድማችሁ «ጽሑፍ» አድርጉት። በተረፈ የኢትዮጵያም የሱዳንም ቁጥር በ09 ሊጀምር ስለሚችል ሁልጊዜ ከፊቱ +251 ወይም +249 ይጻፍ።

ሁሉም ቁልፍ ለሁሉም ሰው አይደለም

የድሮው መታወቂያችን «ብሔር» የሚል ቁልፍ ነበረው። ያ አንድ ሳጥን በመንገድ ፍተሻ ላይ ለሰው ምን እንዳመጣ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና አድራሻን ይጠይቃል፤ ብሔርና ሃይማኖት የሚል ቁልፍ የለውም። አንድን መረጃ ከመጠበቅ የሚቀለው ጨርሶ አለመሰብሰብ ነው።

እኛም በራሳችን እንጠንቀቅ። የካርዳችሁን ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። «ሬሽን ላስመዝግብላችሁ» ብሎ ስምና ቁጥር የሚሰበስብ ሰው ከመጣ ማን እንደላከው ጠይቁ። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ከእነሱ አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚያዝ ወረቀት

ቱነይድባ የተከፈተው በጃንዋሪ 2021 ነው፣ በእኛ 2013 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ ነፋሱና ክረምቱ የስንቱን ቤት ጣራ እንደወሰደ፣ ስንት ወረቀትስ በዋልካው ጭቃ እንደቀረ እናውቃለን። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የሱዳን ጦርነት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ኔትወርክ ለሳምንታት የጠፋበት ጊዜ ነበር። የምዝገባው ዳታቤዝ የተቀመጠው ካምፑ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስላልሆነ ካርድ ቢጠፋም መዝገቡ አይጠፋም። ነገር ግን እሱን ለማግኘት ቁጥራችሁን ማወቅ ይኖርባችኋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ገጽ ያዙ። ጄሰን መጻፍ የለባችሁም፤ ቁልፍ፣ ሁለት ነጥብ፣ ዋጋ ይበቃል። ስም በአማርኛ፣ ስም በላቲን ካርዱ ላይ እንዳለው፣ የአባትና የአያት እንዲሁ፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የትውልድ ቦታ ከነወረዳው፣ የግል ቁጥር፣ የቡድን ቁጥር፣ ሱዳን የገባችሁበት ቦታና ቀን (ሐምዳይትም ይሁን ሌላ)፣ ያለባችሁ በሽታና የምትወስዱት መድኃኒት። የማታውቁትን «አይታወቅም» በሉ፣ ባዶ አትተዉ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሉት፤ ፎቶ አንስታችሁም ለምታምኑት አንድ ዘመድ ብቻ ላኩ።

ለማረም ስትሄዱ ደግሞ «መረጃዬ ተሳስቷል» ብቻ አትበሉ። የትኛው ቁልፍ፣ አሁን ምን ይላል፣ ምን መሆን አለበት፣ ማስረጃው ምንድን ነው፤ አራቱን በአንድ መሥመር ጻፉ። ለምሳሌ «የአባት ስም፦ ገብረ ይላል፣ ገብረመድኅን መሆን አለበት፣ ማስረጃ የ8ኛ ክፍል ካርድ»። ጸሐፊው «ተስተካክሏል» ቢላችሁ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ በአንድ፣ ቁልፉንም ዋጋውንም። ይሄ ልመና አይደለም። በ2015 (በፈረንጅ) የወጣው የዩኤንኤችሲአር የግል መረጃ ጥበቃ ፖሊሲ ስለራሳችሁ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማሳረም መብት ይሰጣችኋል። እርማቱ የተጻፈበትን ቀን፣ የሄዳችሁበትን መስኮትና የተሰጣችሁን ቁጥር በገጻችሁ ጀርባ ላይ ያዙት። ሬሽን ለማውጣት ያላችሁ ካርድ አሮጌውን ስም ይዞ ከሆነ፣ አዲሱ እስኪሰጣችሁ ድረስ አሮጌውን አትጣሉ።